የበረንዳ ሴራሚክ በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎረቤትም ዘመድም በረንዳ ሊያሠራ ሲያስብ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ከነመልሱ አስቀምጫለሁ።

ሳሎን ሲሠራ የተረፈኝ ሴራሚክ አለ። በረንዳው ላይ ባነጥፈውስ?

ባታነጥፉት ይሻላል። የሳሎን ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ የሚያብረቀርቅ ነው። ደረቅ ሲሆን ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና ላይ እንደመርገጥ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብ አያጣትም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። ከግቢ የሚገባው ጫማም ቀይ ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ውሃና ቀጭን ጭቃ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ሲገናኙ ጎልማሳውም ይወድቃል፣ እንኳን ሽማግሌ።

እናቴ አንድ የሐምሌ ጠዋት እንዲህ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። በረንዳውን ያሠራሁት፣ ሴራሚኩንም የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፤ ከቀለሙ በፊት እግር የሚይዝ መሆኑን እዩ።

የግድግዳ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ቀጭን ነው፣ ውሃም ይጠጣል። ወንበር ሲጎተትበት ወይም የከባድ ሰው እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል።

ሴራሚክ፣ ፖርስሊን፣ ግራናይት፣ ቴራዞ፤ ለበረንዳ የቱ ይሻላል?

የእኔ ምርጫ ፊቱ ሻከር ያለ ፖርስሊን ነው። ፖርስሊን የሚባለው የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጥ ታይል ነው። ስለዚህ ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ይጸናል። ችግሩ ሱቅ ውስጥ ሁሉም “ሴራሚክ” ተብሎ መጠራቱ ነው። ለመለየት አንዱን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ውሃው ወዲያው ከሰረገ ተራ ሴራሚክ ነው። ሳይሰርግ ከቆየ ጥሩ ምልክት ነው።

ቴራዞ ጠንካራ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግራናይትም እንደዚያው። ሁለቱም ግን ተወልውለው ሲያብረቀርቁ ያዳልጣሉ፤ ለውጭ ያልተወለወለውን ጠይቁ። እብነ በረድ አልመክርም። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲፈስበት ፊቱ ይበላል።

እንደማያዳልጥ ሱቅ ውስጥ እንዴት አውቃለሁ?

አንዳንድ ካርቶን ላይ “አር” (R) የሚል ፊደል ከ9 እስከ 13 ካለ ቁጥር ጋር ይጻፋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል እግር የመያዝ አቅሙም ከፍ ይላል። ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው በረንዳና ለደረጃ 11 ይሁን። ጣሪያው በደንብ ለሸፈነው 10 ይበቃል። 9 የቤት ውስጥ ነው።

ቁጥር ከሌለው አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ታይሉን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ አርጥቡት፣ የጫማችሁን ሶል አስደግፋችሁ ግፉ። ከተንሸራተተ ተዉት። በጣም ሻካራ የሆነም ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ አፈሩ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ በመጥረጊያ አይወጣም። መሃከለኛውን ፈልጉ፤ ቀለሙም ቡናማ ወይም አመድማ ቢሆን ጭቃውን ይችላል።

ስንት ካርቶን ልግዛ?

ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ 10 በመቶ ጨምሩ። 6 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በረንዳ 12 ካሬ ነው፤ ከጭማሪው ጋር 13.2 ካሬ ይሆናል። የ60 በ60 ታይል ካርቶን ብዙውን ጊዜ 4 ፍሬ ይይዛል፤ ይህም 1.44 ካሬ ነው። ስለዚህ 10 ካርቶን ትገዛላችሁ። ደረጃና ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ታይል) ካለ ለብቻው ይሰላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ግዙ። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም እዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ስሙ አንድ ሆኖም ቀለሙ ይለያያል፤ ሲነጠፍ ጎልቶ ይታያል። የተረፉትን ሦስት አራት ፍሬ አትጣሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ቢሰበር ተመሳሳዩን ገበያ ላይ አታገኙትም።

በክረምት ማሠራት ይቻላል?

ከቻላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር አሠሩ። ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሲሚንቶውን አጥቦ ይወስደዋል፣ የሚቀረው አሸዋ ነው። እርጥበት ያልወጣለት ወለልም ታይሉን በደንብ አይዝም።

የግድ በክረምት ከሆነ በሸራ ከላይም ከጎንም ይሸፈን። ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ለመቅደም ሥራው በጠዋት ይጀመር። በበጋም ቢሆን የቀትር ፀሐይ አይመከርም። ማጣበቂያው ገና ታይሉ ሳይቀመጥበት ፊቱ ይደርቃል፤ ያኔ የተለጠፈ ይመስላል እንጂ አልያዘም።

በረንዳው ምን ያህል ዘንበል ይበል?

በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከቤቱ ወደ ውጭ። 2 ሜትር ወርድ ላለው በረንዳ በር ጋ ያለው ከጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው። በዓይን አይታይም፣ ወንበርም አያወዛውዝም፤ ውሃው ግን ይሄዳል። የበረንዳ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛው ከዚህ ነው። ሰው ስለ ታይሉ ቀለም አንድ ሳምንት ይከራከራል፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ ግን አይጠይቅም። የቆመ ውሃ በመጋጠሚያው ይገባል፣ ስር ያለውን ሙሌት ያላላል። በዚያው ታይሉ ይነሳል፣ የግድግዳው ቀለም ከታች መላጥ ይጀምራል።

ስሎፑ የሚሠራው ከታይሉ በፊት፣ በታችኛው ወለል ላይ ነው። “ታይሉን ስናነጥፍ እናስተካክለዋለን” የሚላችሁን ባለሙያ አትመኑ። ማጣበቂያ እዚህ ወፍራም እዚያ ቀጭን ሲሆን እኩል አይደርቅም፣ ታይሉም ይሰምጣል። ባለሙያው በጎማ ውሃ ልክ ምልክት ያውጣ፣ ክር ይወጥር፣ በስታጃ (ወለል በሚስተካከልበት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ) ይሳብ። ወለሉ ሲደርቅ አንድ ባልዲ ውሃ በር ጋ አፍስሱ፤ ሁሉም ወደ ውጭ መሄድ አለበት። የቆመ ኩሬ ካያችሁ ያን ጊዜ ይታረም። ይህን ሙከራ ሳታዩ ታይል አታስነጥፉ።

ሌላም ነገር አለ። የተጠናቀቀው በረንዳ ከሳሎኑ ወለል ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በነፋስ የተገፋ ዝናብ በር ስር እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ ነው። አሮጌ ወለል ላይ ታይል ስትደርቡ ከፍታው ስለሚጨምር በሩ መከፈቱንም አስቀድማችሁ ለኩ።

የጣሪያው ውሃ በረንዳው ጠርዝ ላይ ይወርዳል። ችግር አለው?

አለው። ከቆርቆሮ የሚወርድ ውሃ በየዓመቱ አንድ መስመር ላይ ሲመታ ጠርዙን ይቦረቡራል፣ ጭቃም ይረጫል። አሸንዳ አስገጥሙ። ካልሆነ የጣሪያው አፍ ከበረንዳው ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ ውሃው የሚያርፍበት መሬት ላይ ጠጠር ይፍሰስ።

አሮጌው ሊሾ ላይ በቀጥታ ማንጠፍ ይቻላል?

ሊሾው ጤነኛ ከሆነ ይቻላል። በመዶሻ ዘንግ እየነካካችሁ ሂዱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከታች የለቀቀ ነው፤ ተፈንቅሎ እንደገና ይሞላ። ቀጭን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አያስፈራም። ሳንቲም የሚያስገባ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ያለበት ስንጥቅ ግን መሬቱ እየሰጠመ መሆኑን ይናገራል። እዚያ ላይ የተነጠፈ ታይል በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ጤነኛ ሊሾም ቢሆን ልስልስ ነው፣ አንዳንዱም ቀለም ወይም ሰም ጠጥቷል። ስለዚህ ወፍጮ እንደሚወቀር ፊቱ በመሮና በመዶሻ ይወቀር። ነጠብጣቡ ተቀራራቢ ይሁን፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ። ከዚያ ተጠርጎ በውሃ ይታጠብ። አድካሚና አቧራ ያለው ሥራ ነው፣ ባለሙያ ሊዘለው ይፈልጋል። እዚያው ቁሙና አስጨርሱ።

ቤቴ የጭቃ ቤት ነው፤ በረንዳው አፈር ነው። ይቻላል?

ይቻላል፣ ከስር ግን አርማታ ያስፈልጋል። የጅማ ቀይ ሸክላ አፈር ሲረጥብ ይለሰልሳል። ላዩ ይነሳ፣ ጠንካራው መሬት ይደልደል። ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይነጠፍ፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይፍሰስ፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። ታይሉ 28 ቀን ቢጠብቅ ነው ጥሩው። ይህን ትዕግሥት የሚያጣ ብዙ ነው።

በጭቃ ቤት የበለጠ የሚያሳስበኝ የእንጨቱ ቋሚ ነው። አርማታው ከቋሚው ወይም ከጭቃ ግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተሠራ እርጥበት ይይዛል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገድ ያገኛል። በረንዳው ከግድግዳው ግርጌ ዝቅ ብሎ ይሠራ። የበረንዳው ቋሚዎች ደግሞ ከወለሉ ከፍ ባለ የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ እግር ላይ ይቁሙ።

በሲሚንቶና አሸዋ ይሻላል ወይስ በኮላ?

ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነና ከፍታ ካላስቸገራችሁ በሲሚንቶና አሸዋ ማንጠፍ የታወቀ፣ የሚሠራ ዘዴ ነው። አንድ ሲሚንቶ በአራት አሸዋ፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል። ለ12 ካሬ ወደ 3 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይወስዳል። ተራ ሴራሚክ ከሆነ ታይሉ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ አለዚያ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ፖርስሊን ግን ውሃ ስለማይጠጣ መንከሩ ዋጋ የለውም። ዋናው ችግርም እዚህ ጋ ነው። ውሃ የማይጠጣ ታይል ተራ ሲሚንቶን በደንብ አይጨብጥም። ለፖርስሊን ኮላ፣ ማለትም በከረጢት የሚሸጠው የታይል ማጣበቂያ፣ ይሻላል። ለውጭ የሚሆን መሆኑ ከረጢቱ ላይ ይጻፋል። አንብቡት። በአንድ ካሬ ከ4 እስከ 5 ኪሎ አስቡ።

በየትኛውም ዘዴ አንድ ነገር አይለወጥ፤ ከታይሉ ስር ባዶ ቦታ አይኑር። አንዳንድ ሠሪ ለመቆጠብ አምስት ጉብታ ሲሚንቶ ያስቀምጣል፣ አራቱ ማዕዘንና መሃሉ ላይ። ቤት ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። በረንዳ ላይ ግን ባዶው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ማዕዘኑም ሲረገጥ ይሰበራል። ኮላው ጥርስ ባለው ማንኪያ ወለሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሳብ፣ የታይሉም ጀርባ በስሱ ይቀባ፣ በጎማ መዶሻ ይመታ። ሥራው ሲጀመር ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ታይል አስነሱና ጀርባውን እዩ። ቢያንስ 95 በመቶው ኮላ የነካው መሆን አለበት። ሠሪው ቅር ቢለውም አስነሱት።

አሸዋው ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሃይላንድ ግማሹን አሸዋ ሙሉ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ናጡት፣ ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከስር፣ ደለሉ ከላይ ይተኛል። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። በአገራችን የግንባታ ደረጃ የተቀመጠውም ወሰን 6 በመቶ ነው። ደለል የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን ያደክመዋል፤ ቢደርቅ እንኳ በጥፍር ይፈረፈራል።

ታይሎቹን ያለ ክፍተት አጋጥሜ ባስነጥፍ አያምርም?

ለመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ከቀትር ፀሐይ ወደ ድንገተኛ ዝናብ ስንገባ ታይሉ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል። መሄጃ ካጣ እርስ በርስ ይገፋፋና እንደ ድንኳን ተነስቶ ይሰበራል። በየታይሉ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ በፕላስቲክ መስቀል ተለክቶ።

ከዚህም ሌላ በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተው፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። በረንዳው ረጅም ከሆነ በየ3 ሜትሩ አንድ መስመር በግራውት (በታይሎች መካከል ያለው ክፍተት በሚሞላበት ዱቄት) ሳይሆን በሲሊኮን ይሞላ። የታችኛው አርማታ ላይ መጋጠሚያ ካለ የታይሉም መስመር እዚያው ላይ ይረፍ። ይህን ጉዳይ ብዙ ሠሪዎች አይነግሯችሁም፣ ስለዚህ እናንተ ንገሯቸው።

ግራውቱ ታይሉ ከተነጠፈ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሞላ። ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን አትጠቀሙ፤ ይሰነጠቃል፣ በአንድ ክረምትም ቀይ ይሆናል። በከረጢት የሚሸጠውን ጠቆር ያለ ግራውት ግዙ።

ደረጃው ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የደረጃዎቹ ቁመት እኩል መሆን አለበት፣ ታይሉ ከተነጠፈ በኋላ። አርማታው እኩል ቢሆንም በረንዳው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ ይረዝማል። እግር ደግሞ ልማድ ነው፣ ልዩነቱን ሳያይ ይሰናከላል። አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ አስሉት።

የደረጃው አፍ ላይ ጥርስ ያለው ታይል ወይም ሻካራ መስመር ይኑር። በአሉሚኒየም ጠርዝ መጨረስም ይቻላል። ስለቱ በግራይንደር የተቆረጠ ታይል ራቁቱን አይተው፤ ልጆች ይወድቁበታል።

ታይሉ ሲነካ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ይነሳ?

አንድ ሁለት ከሆኑ፣ ካልተንቀሳቀሱና ግራውታቸው ካልተሰነጠቀ ምልክት አድርጋችሁ ጠብቁ። ከበዙ ወይም ጠርዝና ደረጃ ላይ ከሆኑ ይነሱ። ግራውቱ በመሮ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ታይሉ ከመሃሉ ተሰብሮ ወደ ውጭ ይለቀማል። ከጠርዝ ከፈነቀላችሁት ጎረቤቱንም ይዞ ይነሳል። ታይሉ ሲነሳ ከስር ያለውን ተመልከቱ። ኮላው ታይሉ ላይ ሳይጣበቅ ወለሉ ላይ ከቀረ፣ ታይሉ የተቀመጠው የኮላው ፊት ከደረቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ከታይሉ ጋር ተላቆ ከመጣ ደግሞ ወለሉ አልተወቀረም ወይም አቧራ ነበረው። የቀረው በረንዳ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ ታውቃላችሁ።

መጋጠሚያው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ምንድን ነው?

ከሲሚንቶው ውስጥ ውሃ ይዞት የሚወጣ ኖራ ነው። ውሃው ሲተን ነጩ ይቀራል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ካልለቀቀ አንድ እጅ አቼቶ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጡ፣ መስመሩን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፣ ፈትጉ፣ ወዲያው እጠቡ። ጠንካራ አሲድ የሚያፈስ ሰው አያለሁ። ነጩን ያስለቅቃል፣ ግራውቱንም አብሮ ይበላል፣ ትንፋሽም ይጎዳል።

አንድ ክረምት ታይቶ ከቀነሰ አያሳስብም። በየዓመቱ ከመጣ ግን ውሃ ከታች ወይም ከግድግዳው እየገባ ነው። ስሎፑንና አሸንዳውን ፈትሹ።

በረንዳው ላይ ቡና ስናፈላ የከሰል ምድጃው ይጎዳዋል?

አዎ፣ በቀጥታ ከተቀመጠ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ ከባድ ሙቀት ታይሉን ይሰነጥቃል፣ የወደቀ ፍምም ፊቱን ያጠቁራል። ምድጃው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሁለት ጡብ ላይ ይቀመጥ። የጅማ በርጩማ እግርም ስሩ ላይ ቁራጭ ጎማ ወይም ጨርቅ ቢለጠፍበት ጭረት አይኖርም። ቄጠማው ጠውልጎ ሳይጣበቅ በማግስቱ ይነሳ፤ አረንጓዴው ውሃ ግራውት ውስጥ ከገባ አይለቅም።

ፎቅ ላይ ያለው በረንዳ ወደ ታች ያፈሳል። ላዩ ላይ አዲስ ታይል ብደርብ ይቆማል?

አይቆምም። ታይልና ግራውት ውሃ ይቀንሳሉ እንጂ አይከለክሉም። የፎቅ በረንዳ ከታይሉ ስር ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ያስፈልገዋል። ሽፋኑ ግድግዳው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀባ፣ ከውሃ መውጫው ቱቦ ጋርም በደንብ ይያያዝ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከዚያ ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ቱቦው ይደፈን፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይያዝበትና 24 ሰዓት ይቆይ። ታች ያለው ኮርኒስ ካልረጠበ ታይሉ ይነጠፍ።

መደረብ ሌላም አደጋ አለው፣ ክብደቱ። 5 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶና አሸዋ በአንድ ካሬ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፣ ታይሉ ሳይቆጠር። ያለ ቋሚ ወደ ውጭ ለወጣ በረንዳ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። አሮጌው ተነስቶ ከስር ይሠራ። ከታች በኩል የዛገ ብረት ወይም የተላጠ አርማታ ካያችሁ ደግሞ ታይል ሠሪ ከመጥራታችሁ በፊት መሐንዲስ ይየው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ከስሩ አይቀመጥ።